የመጦሪያ ቤት አገልግሎት በምን ይመዘናል?

አንድ ድልድይ የታሰበለትን ጭነት መሸከም አለመሸከሙን ለማወቅ መሐንዲስ ብዙ መሣሪያ አለው። የብረቱን ጥንካሬ በቤተ ሙከራ ይፈትናል፤ የኮንክሪቱን ናሙና በመጭመቂያ ይሰብራል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ከባድ መኪና አሳልፎ ድልድዩ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ይለካል። ውጤቱ በቁጥር ተጽፎ ስለሚቀመጥ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። አንዲት የ85 ዓመት አዛውንት በመጦሪያ ቤት ውስጥ በሚገባ መያዝ አለመያዛቸው ግን በምን ይለካል? በሕንፃው ጥራት ነውን? በነርሶቹ ቁጥር ነውን? ወይስ አዛውንቷ ራሳቸው በሚሰጡት ቃል?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ በሰፊው ከደከሙት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በዚያች አገር ዛሬ ወደ 15,000 የሚጠጉ መጦሪያ ቤቶች ሲኖሩ፣ በውስጣቸው ከ1,000,000 በላይ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ይታመማሉ፣ ይጦራሉም። የመመዘኛው ታሪክ ከ1930ዎቹ ይጀምራል። ታሪኩ በአብዛኛው የሕግና የሕክምና ታሪክ ቢመስልም፣ በመሠረቱ የመለካት ታሪክ በመሆኑ ለመሐንዲስ ባዕድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ከድሆች ማደሪያ ወደ መጦሪያ ቤት

በአሜሪካ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ መጨረሻው በመንግሥት ወጪ የሚተዳደር የድሆች ማደሪያ ነበር። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ሽማግሌው፣ የአእምሮ ሕመምተኛውና ሥራ ፈቱ በአንድ ጣራ ሥር ይከማቹ ነበር። በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲታወጅ፣ ሕግ አውጪዎቹ የድሆች ማደሪያዎች ዘመን እንዲያበቃ ስለፈለጉ፣ በሕዝብ ተቋም ውስጥ ለሚኖር ሰው የእርጅና ርዳታ እንዳይከፈል ከለከሉ። ገንዘቡን በእጁ የያዘው ሽማግሌ ግን የሚያነሣውና የሚያስታምመው ሰው አሁንም ያስፈልገው ነበር። ስለዚህም በመኖሪያ ቤታቸው ጥቂት አልጋ ዘርግተው በክፍያ የሚያስታምሙ ግለሰቦች በየከተማው በዙ። የዛሬው የአሜሪካ መጦሪያ ቤት መነሻ ይህ ነው። ማንም አቅዶ አልመሠረተውም፤ የአንድ ሕግ ያልታሰበ ውጤት ነበር።

በ1950 ሕጉ ሲሻሻል ርዳታውን የሚቀበል እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ለእንዲህ ያሉ ቤቶች ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣን እንዲያቋቁም ተደነገገ። ይሁን እንጂ ፈቃዱ በምን መመዘኛ እንደሚሰጥ ሕጉ አልዘረዘረም። ቀጥሎም በ1946 የወጣው፣ በሁለቱ ሴናተሮች ስም ሂል በርተን ተብሎ የሚጠራው የሆስፒታል ሥራ ሕግ በ1954 ተሻሽሎ፣ የመንግሥት ገንዘብ ለመጦሪያ ቤት ግንባታም እንዲውል ተፈቀደ። ከገንዘቡ ጋር የግንባታ መመዘኛ አብሮ መጣ። መመዘኛውም የተወሰደው ከሆስፒታል ነበር፤ ረዥም ኮሪደር፣ በመካከሉ የነርሶች ማዕከል፣ በግራና በቀኝ የሕመምተኞች ክፍሎች። ለጥቂት ቀናት ታክሞ ለሚወጣ ሰው የታሰበው ቅርፅ፣ ዕድሜውን በሙሉ እዚያ ለሚፈጽም ሰው መኖሪያ ሆነ። መሐንዲሱና አርክቴክቱ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገቡት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

እሳት ያስተማረው ትምህርት

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመጦሪያ ቤት መመዘኛ ማለት በአብዛኛው የሕንፃ መመዘኛ ማለት ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። በየካቲት 1957 በሚዙሪ ክፍለ ግዛት በዋረንተን ከተማ አንድ መጦሪያ ቤት ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ። በኅዳር 1963 ደግሞ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በፊችቪል ሌላ መጦሪያ ቤት ተቃጥሎ 63 አረጋውያን አለቁ። የፊችቪሉ ቤት ቀድሞ የመጫወቻ ዕቃ ፋብሪካ የነበረ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነበር። መሬት ላይ ካለ ክፍል፣ አንድም ደረጃ ሳይወርድ ሊወጣ ይችል የነበረ ሰው እዚያው ተቃጥሎ መሞቱ ለብዙ ባለሙያ እንቆቅልሽ ሆነ። ነገር ግን መሐንዲስ የመውጫውን በር ስፋት ሲያሰላ ሰዎቹ ይራመዳሉ ብሎ ነው። ከአልጋው መነሣት የማይችል፣ ቢነሣም ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው በበሩ ስፋት አይድንም። የሚያድነው ሌላ ሰው ነው፤ ወይም እሳቱን በተነሣበት ስፍራ የሚያጠፋ መሣሪያ ነው።

በ1967 በወጣ የሕግ ማሻሻያ በፌዴራል ገንዘብ የሚረዱ መጦሪያ ቤቶች የብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር ያዘጋጀውን የሕይወት ደኅንነት ደንብ እንዲያከብሩ ተወሰነ። ሆኖም በጥር 1970 በዚያው በኦሃዮ፣ በማሪዬታ ከተማ፣ እሳት በሚቋቋም ቁሳቁስ በተሠራ አንድ አዲስ መጦሪያ ቤት ውስጥ ከአንድ ክፍል የተነሣ እሳት ከ30 በላይ ነዋሪዎችን ፈጀ። ግድግዳውና ጣራው አልከዱም። ጢሱን ያበዛውና ያዛመተው በኮሪደሩ ላይ የተነጠፈው፣ ሥሩ የጎማ ስፖንጅ የሆነው ምንጣፍ ነበር፤ የክፍሉ በር ክፍት መቅረቱም ለጢሱ መንገድ ከፈተለት። ሕንፃው ፈተናውን አልፎ ሳለ በሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሰዎች አለቁ።

የመፍትሔው አካል ምን እንደሆነ ከዚያ ቀደምም ይታወቅ ነበር፤ ይኸውም በሙቀት ራሱን የሚከፍት የውኃ መርጫ ነው። ይሁን እንጂ ወጪው በዛ እየተባለ ለአሮጌዎቹ ሕንፃዎች ግዴታው ሲዘገይ ኖረ። በ2003 በሃርትፎርድና በናሽቪል ከተሞች መርጫ ባልነበራቸው ሁለት መጦሪያ ቤቶች በደረሰ እሳት በድምሩ 31 ነዋሪዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ሁሉም መጦሪያ ቤቶች እስከ ነሐሴ 2013 ድረስ ሙሉ በሙሉ መርጫ እንዲገጥሙ ታዘዘ። ከፊችቪል እሳት እስከዚህ ቀነ ገደብ 50 ዓመት ገደማ አለፈ። ቴክኒኩ የታወቀ፣ መለኪያውም ቀላል ለሆነው ለዚህ ጉዳይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካስፈለገ፣ መለኪያው ገና ያልተገኘለት የአያያዝ ጉዳይ ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

መዋቅር፣ ሂደት፣ ውጤት

በ1965 ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉት የመንግሥት የሕክምና ዋስትናዎች ሲቋቋሙ፣ መጦሪያ ቤቶች ከፌዴራሉ መንግሥት ክፍያ ለመቀበል መመዘኛ ማሟላት ነበረባቸው። ካመለከቱት ብዙ ሺህ ቤቶች መካከል መመዘኛውን በሙሉ አሟልተው የተገኙት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ሕጉ በተጻፈው መሠረት ቢሠራበት አረጋውያኑ ማደሪያ ያጣሉ በሚል ሥጋት፣ መመዘኛውን «በአመዛኙ» ያሟሉትም እንዲያልፉ ተፈቀደ። በዚህ ዓይነት የማለፊያው መስመር ገና ከመሰመሩ ዝቅ አለ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1966፣ አቬዲስ ዶናቤዲያን የተባሉ ሐኪም የሕክምና አገልግሎትን ጥራት ስለ መመዘን የጻፉት ጥናት ታተመ። ዶናቤዲያን በ1919 በቤይሩት ከአርመን ቤተ ሰብ ተወልደው፣ በዚያው በቤይሩት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው፣ በኋላ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጥናታቸው የሰጠው ዋና ሐሳብ ቀላልና ጠቃሚ ነው። ጥራት በሦስት ወገን ሊታይ ይችላል አሉ፦ በመዋቅር፣ በሂደትና በውጤት። መዋቅር ማለት ሕንፃው፣ መሣሪያው፣ የሠራተኛው ቁጥርና ትምህርት ነው። ሂደት ማለት ለሕመምተኛው የሚደረገው ሥራ ነው። ውጤት ማለት ደግሞ ሕመምተኛው በመጨረሻ ያገኘው ለውጥ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። ከአልጋ የማይነሣ ሰው በአንድ ጎኑ ለረዥም ጊዜ ከተኛ፣ በዳሌውና በጀርባው አጥንት ላይ ያለው ሥጋ በራሱ ክብደት ተጨፍልቆ ደም ስለማያገኝ ይቆስላል። ቁስሉ ጥልቀት ካገኘ እስከ አጥንት ይደርሳል፤ ይገድላልም። ልዩ ፍራሽና በቂ ሠራተኛ መኖሩ መዋቅር ነው። ሠራተኛው በየተወሰነ ሰዓት ሕመምተኛውን ማገላበጡ ሂደት ነው። የሕመምተኛው ገላ ሳይቆስል መቆየቱ ውጤት ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የለካ ይሳሳታል። ፍራሹ ተገዝቶ በመጋዘን ሊቀመጥ ይችላል፤ የማገላበጫው ሰንጠረዥ ሌሊቱን ሙሉ ሳይሠራ ጧት በአንድ እስክሪብቶ ሊሞላ ይችላል። ውጤቱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ በደንብ የተያዘ ሰውም በሕመሙ ጽናት ሊቆስል፣ ያልተያዘውም በተፈጥሮው ጥንካሬ ሊተርፍ ይችላልና።

«መስጠት ይችላል» እና «ይሰጣል»

የመጦሪያ ቤት ቁጥጥር ግን ለሌሎች 20 ዓመታት በመዋቅር ላይ ብቻ ተወስኖ ቆየ። ከ1974 ጀምሮ የዩታው ሴናተር ፍራንክ ሞስ የሚመሩት ንዑስ ኮሚቴ በተከታታይ ባወጣው ዘገባ፣ የመጦሪያ ቤቶችን ጉስቁልናና የተቆጣጣሪዎቹን ድክመት ለሕዝብ ገለጸ። በ1975 ደግሞ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት የአንድ መጦሪያ ቤት ነዋሪዎች ክስ አቀረቡ። ክሱ በመጨረሻ ያተኮረው ገንዘቡን እየከፈለ የሚሰጠውን አገልግሎት በማይመረምረው በፌዴራሉ ባለሥልጣን ላይ ነበር።

ስሚዝ በሄክለር ላይ በመባል የሚታወቀው ይህ ክርክር በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1984 ተወሰነ። በክርክሩ ከተገለጹት ነገሮች አንዱ ለመሐንዲስ በተለይ አስተማሪ ነው። ተቆጣጣሪዎች ይሞሉት የነበረው የፌዴራል ቅጽ 541 ጥያቄዎች ነበሩት። ከእነዚህ ውስጥ ከሕመምተኛው አያያዝ ጋር በጥቂቱም ቢሆን የሚገናኙት፣ ወይም ተቆጣጣሪው ሕመምተኛውን እንዲያይ ሊያስገድዱ የሚችሉት 30 ብቻ ነበሩ። የቀሩት የሚጠይቁት ስለ ደንብ፣ ስለ መዝገብ፣ ስለ ዕቃና ስለ ክፍል ነበር። ቅጹ የሚያረጋግጠው ቤቱ አገልግሎት ለመስጠት መቻሉን ነበር፤ መስጠቱን አያረጋግጥም። ፍርድ ቤቱም ባለሥልጣኑ ገንዘብ የሚከፈልበት አገልግሎት በእርግጥ መሰጠቱን የማወቅ ግዴታ አለበት ሲል ፈረደ።

በዚሁ ጊዜ ኤልማ ሆልደር በ1975 የመሠረቱት የመጦሪያ ቤቶች ለውጥ የዜጎች ኅብረት በ1985 በ15 ከተሞች ከ400 በላይ ነዋሪዎችን አነጋግሮ፣ ጥሩ አያያዝ ማለት ለእናንተ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። የአብዛኞቹ መልስ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ሠራተኞች የሚናገር ነበር፤ በቂ ሠራተኛ፣ የሠለጠነ ሠራተኛ፣ ሰውን የሚያከብር ሠራተኛ። ስንት ዓመት ሙሉ ባለሙያዎች ሲከራከሩበት የነበረውን ጥያቄ፣ ለባለ ጉዳዮቹ ራሳቸው ማቅረብ ይህን ያህል ዘግይቶ ነበር።

የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ1986 ያቀረበው ጥናትም ይህንኑ አጠናከረ። ጥናቱን መሠረት ያደረገው የመጦሪያ ቤቶች ማሻሻያ ሕግ በታኅሣሥ 1987 በፕሬዚዳንት ሬገን ተፈረመ። ሕጉ እያንዳንዱ ነዋሪ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛውን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ደኅንነት ደረጃ እንዲያገኝ ቤቱን ያስገድዳል። ረዳት ነርሶች ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥኑ፣ ተቆጣጣሪዎች ሳያስታውቁ እንዲመጡ፣ በሁለት ምርመራዎች መካከልም ከ15 ወር በላይ እንዳያልፍ ወሰነ። እያንዳንዱ ነዋሪም በአንድ ዓይነት ቅጽ በየጊዜው እንዲመረመር አዘዘ፤ መብላት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ይችላል ወይ? ቁስል አለበት ወይ? ሕመም ይሰማዋል ወይ? በመላው አገር አንድ ዓይነት መለኪያ የተገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

የሕጉ ፍሬ በግልጽ የታየው በማሰሪያ ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ100 ነዋሪዎች ወደ 40 የሚጠጉት እንዳይወድቁ ወይም እንዳይጠፉ ተብሎ በአልጋ ወይም በወንበር ላይ ይታሰሩ ነበር። ዛሬ ይህ ቁጥር ከ5 በታች ወርዷል። አንድ ነገር በግልጽ ተተርጉሞ፣ ተቆጥሮና ተከልክሎ ሲገኝ የቱን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ቁጥሩ ሲያታልል

ከ1995 ጀምሮ ተቆጣጣሪዎች የሚያገኙት ጉድለት ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ይመደባል። ሰንጠረዡ የጉዳቱን ክብደት በአራት፣ ስፋቱን በሦስት ደረጃ ስለሚከፍል 12 ምድቦች ይኖሩታል። በግድብ ወይም በፋብሪካ አደጋን ለመመደብ ከሚሠራበት ሠንጠረዥ ጋር ተመሳሳይ ነው። በ1998 የምርመራው ውጤት በኢንተርኔት ለሕዝብ መገለጥ ጀመረ። በታኅሣሥ 2008 ደግሞ ቤተ ሰብ በቀላሉ እንዲያወዳድር ተብሎ እያንዳንዱ መጦሪያ ቤት ከ1 እስከ 5 ኮከብ ተሰጠው። ኮከቡ የሚሰላው ከሦስት ምንጮች ነው፤ ከምርመራው ውጤት፣ ከሠራተኛው ብዛትና ከነዋሪዎች ጤና መለኪያዎች።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሦስት ነገሮች የመሐንዲስን ዓይን ይስባሉ።

አንደኛው የመለኪያው መነሻ ነው። የምርመራው ኮከብ የሚሰጠው በየክፍለ ግዛቱ ውስጥ በማወዳደር ነው። ከላይ ያሉት 10 በመቶ 5 ኮከብ ሲያገኙ ከታች ያሉት 20 በመቶ 1 ኮከብ ያገኛሉ፤ የቀሩት በመካከል ይከፋፈላሉ። እንግዲህ የአንድ ክፍለ ግዛት መጦሪያ ቤቶች ሁሉ ቢሻሻሉም 20 በመቶዎቹ 1 ኮከብ እንዳላቸው ይቀራሉ፤ ሁሉም ቢበላሹም 10 በመቶዎቹ 5 ኮከብ አያጡም። ቴርሞሜትር የክፍሉን ሙቀት ይናገራል፤ ይህ ኮከብ የሚናገረው ግን ከክፍሎቹ የትኛው ከሌላው እንደሚሞቅ ብቻ ነው። በአንዱ ክፍለ ግዛት ያለ 4 ኮከብ በሌላው ካለ 4 ኮከብ ጋር አይነጻጸርም።

ሁለተኛው የመረጃው ምንጭ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ማለትም የሠራተኛው ብዛትና የጤናው መለኪያ፣ ለብዙ ዓመታት የሚመጡት ከተመዛኙ ከራሱ ከመጦሪያ ቤቱ ነበር። በ2014 ይህን የሚያጋልጥ ጽሑፍ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከወጣ በኋላ አሠራሩ ይሻሻል ጀመር። ከሐምሌ 2016 አንሥቶ የሠራተኛው ሰዓት ከደመወዝ መዝገብ እንዲወሰድ ግዴታ ሆነ። መዝገቡ ሲከፈትም በቅዳሜና በእሑድ ሠራተኛው በብዙ ቤቶች እንደሚያንስ ታወቀ። የነርስና የረዳት ነርስ መለዋወጥም ተሰላ፤ በ2017 እና በ2018 መዛግብት ላይ የተመሠረተ ጥናት በመካከለኛው መጦሪያ ቤት የዓመቱ መለዋወጥ 94 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳየ። አዛውንቱን ዛሬ ያጠበው እጅ በሚመጣው ዓመት በአብዛኛው ሌላ እጅ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው መለኪያ ዓላማ ሲሆን የሚደርስበት ጉዳት ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 በገንዘብ ጉዳይ ላይ እንዳመለከቱት፣ አንድ መለኪያ ለመቆጣጠሪያነት ሲውል ቀድሞ የነበረውን ታማኝነት ያጣል። ማሰሪያው ሲከለከል አንዳንድ ቤቶች አረጋውያኑን በሚያደነዝዝ መድኃኒት ማስቀመጥ ቀጠሉ። መንግሥትም ከ2012 ጀምሮ የዚህን መድኃኒት አጠቃቀም ለመቀነስ ዘመቻ አካሄደ፤ ቁጥሩም ከ24 በመቶ ገደማ ወደ 15 በመቶ አካባቢ ወረደ። ነገር ግን ስኪዞፍሬኒያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በመለኪያው ስለማይቆጠር፣ በስተርጅና በዚህ ሕመም የተመዘገቡት ነዋሪዎች ቁጥር በአጠራጣሪ ሁኔታ ጨመረ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት የሚጀምር ነው። ስለዚህ በ2023 መንግሥት ይህን ምዝገባ ራሱን መመርመር ጀመረ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአበው ምክር እዚህ ላይ ይሠራል፤ ሥራው ሳይሻሻል የተሻሻለ ቁጥር ያለ ትምህርት የተጠመጠመ ጥምጣም ነው።

የ2020 ፈተና

በየካቲት 2020 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በኪርክላንድ ከተማ በአንድ መጦሪያ ቤት የኮሮና ተሕዋሲ ገብቶ በሳምንታት ውስጥ ብዙ ነዋሪዎችን ገደለ። ቤቱ በኮከብ ሰሌዳው ላይ 5 ኮከብ የነበረው ነው። እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ የረዥም ጊዜ መጦሪያ ተቋሞች የሞቱት ነዋሪዎችና ሠራተኞች ቁጥር ከ200,000 በላይ ደረሰ። ኮከቡ በደህና ቀን የሚታየውን አያያዝ ለማወዳደር የተዘጋጀ እንጂ፣ ያልተጠበቀ ጭነት ሲመጣ ቤቱ መቻሉን ለመናገር የተዘጋጀ አልነበረም። ድልድይ ግን የሚሠራው ለጎርፉ ቀን ጭምር ታስቦ ነው።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ ወደ ሠራተኛው ሰዓት ተመለሰ። ጉዳዩ አዲስ አልነበረም። በ2001 ለኮንግረስ የቀረበ አንድ ጥናት፣ ነዋሪን ለማገላበጥ፣ ለመመገብ፣ ለማልበስ፣ ወደ መጸዳጃ ለመውሰድና ለማንቀሳቀስ የሚፈጀውን ጊዜ በኮምፒዩተር ስሌት አስልቶ፣ ለአንድ ነዋሪ በቀን ወደ 4.1 ሰዓት የነርስና የረዳት ነርስ ሥራ እንደሚያስፈልግ አመልክቶ ነበር። ከዚህ በታች ሲወርድ የአያያዝ ጉድለት ይታያል ማለት ነው። በ2024 መንግሥት ባወጣው ደንብ ዝቅተኛው ልክ 3.48 ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። የቤቶቹ ባለቤቶች ሠራተኛም ገንዘብም አይገኝም ብለው ተከራከሩ፤ በ2025 በቴክሳስ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዋናዎቹን ድንጋጌዎች ሻረ፤ ኮንግረሱም በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ ተፈጻሚነቱን እስከ 2034 አገደ። ከ23 ዓመት ጥናትና ክርክር በኋላ የተገኘው ቁጥር ከወረቀት አልወረደም።

ለኢትዮጵያዊው ባለሙያ

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያውያን የራቀ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን በመጦሪያ ቤቶች ነርሶችና ረዳት ነርሶች ሆነው ያገለግላሉ። በ1987 ሕግ የተደነገገው የ75 ሰዓት ሥልጠና ለብዙዎቹ በአዲሱ አገር የመጀመሪያው የሥራ በር ነው። በደመወዝ መዝገብ ተቆጥሮ ወደ ኮከብ የሚለወጠው ሰዓት የእነርሱም ሰዓት ነው። በቤታቸው ለአዛውንት ተነሥቶ ቦታ መልቀቅን፣ እግር ማጠብን ተምረው ያደጉ በመሆናቸው ሥራው በባሕርዩ እንግዳ አይሆንባቸውም። አንድ ሰው በአንድ ፈረቃ ስንት አዛውንት በሚገባ ሊያነሣ ይችላል የሚለው ጥያቄ ግን በመልካም አስተዳደግ ብቻ አይፈታም፤ የቀኑ ሰዓት የተወሰነ ነውና።

በኢትዮጵያም ሽማግሌ የሚጦረው በልጆቹ ቤት ነው የሚለው አነጋገር ዛሬም በአብዛኛው እውነት ነው። ሆኖም ጧሪ ያጡ አረጋውያን ከጎዳና ሲነሡ መግቢያ ያስፈልጋቸዋል። በ2010 ቢንያም በለጠ በአዲስ አበባ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ይህን ችግር በመረዳት ከተነሡት አንዱ ነው። ቤተ ሰብ እየጠበበ፣ ልጆች ወደ ከተማና ወደ ውጭ አገር እየሄዱ በሄዱ ቁጥር እንዲህ ያሉ ቤቶች ይበዛሉ። ሲበዙም ንድፋቸውን የሚሠራ፣ ግንባታቸውን የሚቆጣጠር፣ መመዘኛቸውን በማርቀቅ የሚሳተፍ መሐንዲስ ይፈለጋል።

ለእንዲህ ያለው መሐንዲስ ከላይ የተተረከው ታሪክ ጥቂት ግልጽ ነገሮችን ያስታውሰዋል። የመውጫ መንገድ የሚሰላው መራመድ ለማይችል ሰው መሆን አለበት፤ የውኃ መርጫው የሚታሰበው ሕንፃው ከመቆሙ በፊት እንጂ ከእሳቱ በኋላ አይደለም። የሆስፒታል ንድፍ ለመኖሪያነት ከመገልበጡ በፊት እዚያ ማን፣ ለስንት ዓመት እንደሚኖር መጠየቅ ይገባል። መለኪያው ከማወዳደሪያ ይልቅ በቁርጥ የተወሰነ ልክ ቢሆን ይመረጣል፤ መረጃውም ከተመዛኙ እጅ ብቻ መምጣት የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ ግን በኮሎራዶው ክርክር የተጠቀሰው ቅጽ መረሳት የለበትም። የመጦሪያ ቤት መመዘኛ ቅጽ እንዲያዘጋጅ የተጠየቀ ባለሙያ ሥራውን ሲጨርስ ጥያቄዎቹን አንድ ጊዜ ይቁጠራቸው። ስንቶቹ በቢሮ ውስጥ፣ በመዝገብ ብቻ ሊመለሱ ይችላሉ? ስንቶቹስ መርማሪውን ከወንበሩ አስነሥተው አልጋው አጠገብ ያደርሱታል? ከ541 ውስጥ 30 ብቻ ሆነው ከተገኙ ቅጹ እንደገና መጻፍ አለበት።